የካርታ ዳኛ

የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ጎንደር የመጣው በ2011 ዓ.ም ለጥምቀት ነበር። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው። አማርኛውን የተማረው እናቱ ስትቆጣው እየሰማ ስለሆነ ሲናገር ሁሉ የሚያዝ ይመስላል እንጂ ጨዋ ነው። በገባ በማግሥቱ እናቴ ቡና አፍልታ፣ ጎረቤት ሰብስባ፣ መሐል አስቀመጠችውና «እስቲ ሥራህን ንገራቸው» አለችው። ኮምፒዩተር ላይ እንደሚሠራ ተናገረ። ማንም አልደነቀውም፤ በእኛ ሰፈር እምነት አሜሪካ ያለ ዘመድ ሁሉ ኮምፒዩተር ላይ ነው የሚሠራው። ልጁ የሰዉን ፊት አየና «ቅዳሜና እሑድ ደግሞ የካርታ ዳኛ ነኝ» ብሎ ጨመረ።

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

በነጋታው ጠዋት በራችን ላይ ሦስት ባለጉዳይ ቆሞ ነበር። አንደኛዋ ጎረቤቷ አጥሯን በክንድ ያህል ገፍቶባት የቤቷን ካርታ በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። ሁለተኛው ከወንድሙ ጋር በአባታቸው ይዞታ ካርታ የተጣላ ነው። ሦስተኛው ጉዳይ የለውም፤ ከአሜሪካ የመጣ ዳኛ ምን እንደሚመስል ለማየት ነው። ምን ይፈረድባቸዋል? በአገራችን «ካርታ» ሲባል ስንት ዓመት ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተበት ሰው ትዝ የሚለው የቤቱ ካርታ እንጂ የሚበወዘው አይደለም።

ልጁ ግራ ገብቶት ከሻንጣው አንድ ሳጥን አወጣ። ዘንዶ፣ ጠንቋይና ባለክንፍ ሴት የተሣለባቸው ካርታዎች ነበሩ። እናቴ አንዱን አንስታ ገለባብጣ አየችና መልሳ አስቀመጠችው። ባለጉዳዮቹ ሲሸኙ ቀስ ብላ ወደኔ ዞራ «ቁማርተኛ ሆነ በለኛ» አለችኝ። እልልታዋን መልሳ ብትውጠው ደስ ባላት።

እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ልጅ ዳኝነት ማሰብ አልተውኩም። ለምን እንዳልተውኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው የፈለሰፈው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የተሰኘ የካርታ ጨዋታ ለገበያ ወጣ። እኛ የምናውቀው ካርታ 52 ነው፤ ጆከሮቹን ስትጨምሩ 54። የእሱ ግን ዛሬ በዓይነት ከ20 ሺህ በላይ ደርሷል፤ በየዓመቱም አዲስ ይታተማል። ተጫዋቹ በትንንሽ እሽግ እየገዛና ከጓደኛ ጋር እየተለዋወጠ ያጠራቅማል። ካጠራቀመው ውስጥ ቢያንስ 60 መርጦ የራሱን ጥቅል ያዘጋጃል። ከጥቂት መሠረታዊ ካርታዎች በቀር አንዱን ዓይነት ከአራት በላይ ማስገባት ክልክል ነው። ሁለት ሰዎች 20፣ 20 ነጥብ ይዘው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ሰባት ሰባት ካርታ አንስተው ይጀምራሉ፤ የሌላውን ነጥብ ዜሮ ያደረሰ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ጃፓኖች በ1996 እ.ኤ.አ. የፖኬሞንን ካርታ አወጡ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ስንቱ ጎልማሳ ቅዳሜውን በዚህ ነው የሚያሳልፈው።

የጨዋታው ጣጣ እያንዳንዱ ካርታ የራሱን ሕግ ላዩ ላይ ጽፎ መምጣቱ ነው። አጠቃላይ ደንቡ ብቻ ከ200 ገጽ በላይ ነው፤ በዚያ ላይ የካርታው ጽሑፍ ከደንቡ ጋር ሲጋጭ የሚረታው ካርታው ነው። ሁሉም የራሱን ሕግ ግንባሩ ላይ ለጥፎ የሚመጣበት ቦታ ብጥብጥ እንደማይጠፋው ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ዳኛ ያስፈልጋል።

«እና ዳኛው ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ይቆማል» አለኝ። ቀኑን ሙሉ በጠረጴዛዎቹ መሐል ይመላለሳል። አንድ ተጫዋች ሲጠራጠር እጁን አንሥቶ «ዳኛ!» ይላል። በዚያች ቅጽበት ጨዋታው ይቆማል። ዳኛው መጥቶ ሁለቱንም ይሰማል፤ ካስፈለገ አንዱን ለብቻው ወስዶ ይጠይቃል፤ ከዚያ ይወስናል። ያልተስማማው ለዋናው ዳኛ ይግባኝ ይላል፤ የዋናው ዳኛ ቃል የመጨረሻ ነው። በስሕተት የተሠራና ታውቆ የተሠራ ጥፋት ለየቅል ናቸው፤ ለመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ይበቃዋል፣ ሁለተኛው ከውድድር ያስባርራል። «ተሸነፍልኝና ከሽልማቱ እሰጥሃለሁ» ማለት አይቻልም። በውጤቱ ላይ ገንዘብ ማስያዝም አይቻልም። ተመልካች አፉን ይዘጋል። ዳኛውም ቢሆን ተጫዋቹ ሞኝ ሥራ ሲሠራ ካየ ዝም ይላል፤ ሞኝነት ሕግ መጣስ አይደለምና።

«ስንት ይከፍሉሃል?»

«አንዳንዴ ምሳ፣ አንዳንዴ ካርታ።»

«ታዲያ ለምን ትደክማለህ?»

«አጎቴ፣ ዳኛ ከሌለ እኮ ጨዋታ የለም።»

ይህችን ልጅ የመሰለች መልስ ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ተዋርጄ ነው። ምክንያቱም ያ ልጅ እጅ አንሥቶ «ዳኛ!» የሚለው ነገር የእኛ ነው። እኛ ነን የጣልነው።

በአያቶቻችን ዘመን አንድ ሰው በሌላው ላይ ሲያልፍበት «በሕግ አምላክ!» ይለው ነበር። ይህን የተባለ ሰው ዱላ ቢያነሣም ያወርዳል፣ እየሄደም ከሆነ ይቆማል። ሁለት ባላንጣዎች የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር፤ በመንገድ ያገኙትን ሰው «ዳኘን» ብለው ያስቆሙታል። ያም ሰው ደመወዝ የለው፣ ካባ የለው፤ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ «በላ ልበልሃ»ውን ይሰማና ይፈርዳል። እኔ ባለሁባት ከተማ የጃንተከል ዋርካ ሥር ፍርድ ይሰጥ ነበር ይባላል። ሊቃውንቷ ከመጻሕፍቱ ጋር ፍትሐ ነገሥቱን ከነትርጓሜው ሲያስተምሩ የኖሩባት ከተማ ናት። ዕድሩም ዕቁቡም እስከ ዛሬ ሰብሳቢውን «ዳኛ» ነው የሚለው። ሌላው ቀርቶ ልጆች ብይ ሲጫወቱ ብይን የሚሰጥ አንድ ከፍ ያለ ልጅ አይጠፋም።

ታዲያ ዳኛ ማክበሩ የት ገባ?

ስታዲየም ግቡ። ዳኛው ፊሽካውን ገና አፉ ላይ ሲያደርግ «ሌባ!» ይባላል። ዳኛው ትክክል ይሁን አይሁን የሚያጣራ የለም፤ በእኛ ላይ ከነፋ ሌባ ነው፣ ለእኛ ከነፋ ደግሞ እኛ ስለበለጥን ነው። ይኼን የሚለው ሕዝብ አንድ ነገር ልብ ብሎ አያውቅም። ብሔራዊ ቡድናችን ለወንዶችም ለሴቶችም ዓለም ዋንጫ አልፎ አያውቅም፤ ዳኞቻችን ግን ደርሰዋል። ሊዲያ ታፈሰ በ2015 እና በ2019 እ.ኤ.አ. የሴቶች ዓለም ዋንጫ ዳኝታለች። ባምላክ ተሰማ ለ2018ቱ የሩሲያ ዓለም ዋንጫ ከተመረጡት ዳኞች አንዱ ነበር። ዓለም «ኑና ዳኙን» ያለን ሰዎች ነን፤ እኛው ለእኛው ስንሆን ነው ሌቦች የምንሆነው።

ወደ ድሮው ጨዋታ ልመለስ። ሰንጠረዥ የሚባለው የመኳንንቱ ጨዋታ እኛም አገር ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት የትግራዩ ራስ ወልደ ሥላሴ ከባለሟሎቻቸው ጋር ሲጫወቱ አይቶ ጽፏል፤ ኋላም እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን አሠራሩን ዘርዝሮ መዝግቧል፤ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 እ.ኤ.አ. ታሪኩን ሰብስቦ አሳትሞታል። የእኛን ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም የሚለየው መክፈቻው ነው። «ወረራ» ይባላል። ተራ የለም። ሁለቱም ጠጠሮቻቸውን እንደ ፈለጉ፣ በፈለጉት ፍጥነት ያንቀሳቅሳሉ። ይህ የሚቆየው የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ነው፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ይሆናል። ዙሪያውን የከበበው ተመልካች ደግሞ ዝም አይልም፤ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዴም እጁን ይሰዳል።

እኔን የሚገርመኝ ግን አጨራረሱ ነው። በኃይለኛው ጠጠር ንጉሡን ይዞ ማሸነፍ ብዙ አያስመሰግንም ነበር፤ የሚያስመሰግነው በደካማው ጠጠር ሲሆን ነው። ማለትም አያቶቻችን «አሸነፍክ ወይ?» ብቻ ሳይሆን «እንዴት አሸነፍክ?» ብለውም ይጠይቁ ነበር።

እኛስ? እኛ ከዚህ ሁሉ የወረስነው ወረራውን ብቻ ነው። ታክሲ ተራ ላይ ወረራ፣ ዳቦ ቤት ወረራ፣ መንገድ ላይ ወረራ። ጠጠሩ ከተበላ ስንት ዘመን ሆነው፤ እኛ ግን አሁንም ተራ አንጠብቅም። «እንዴት አሸነፍክ?» ማለትማ ምቀኝነት ሆኗል።

አሁን ሦስት ዓይነት ሰዎች እንደሚቆጡኝ አውቃለሁ። በተራ ልመልስላቸው።

የመጀመሪያዎቹ «ጨዋታ የሥራ ፈት ነው» የሚሉት ናቸው። እናቴ ከእነሱ ወገን ናት፤ ስለዚህ በትሕትና ነው የምመልሰው። እኔ ያደግሁት ዳባት ነው፤ ደጋ። ከብት ስንጠብቅ መሬት ቆፍረን በጠጠር ገበጣ እንጫወት ነበር። ለገና ደግሞ ሜዳ ላይ የላይኛው ሰፈርና የታችኛው ሰፈር ዱላ ይዞ ጥንግ ይማታል። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው ለዚያ ነው፤ ያን ቀን የባላባቱ ቅልጥም በሎሌው ዱላ ቢመታ ክስ የለም። እኔ ሰው እኩል ነው የሚባለውን ነገር መጀመሪያ ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፣ ከዚያ ሜዳ ነው። ሥራ ፈትነት ይህ ከሆነ ብዙ ባለሥራ ሥራ ቢፈታ እመርጣለሁ።

ሁለተኛዎቹ «ጨዋታማ እኛም እንወዳለን» ብለው የስፖርት ውርርድ ትኬት የሚያሳዩኝ ናቸው። ወንድሞቼ፣ እናንተ አትጫወቱም። የእንግሊዝ ልጅ ኳስ ሲመታ እናንተ ወረቀት ይዛችሁ ትጠብቃላችሁ። ተጫዋች ቢሸነፍ እንኳን አንድ ነገር ተምሮ ይነሣል፤ ዳኛ ቢሳሳት እንኳን ሕግ አንብቦ ይመለሳል። ተወራራጅ ከምኑ ይማራል? የቤት ኪራዩን አጥቶ «በአንድ ጎል ተበላሁ» ይላል። የእህቴ ልጅ ውድድር ላይ ገንዘብ ማስያዝ ለምን እንደተከለከለ የገባኝ ያኔ ነው። ገንዘቡ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ያለው ጨዋታ ይቀርና ኪስ ይሆናል፤ ኪስ ደግሞ ዳኛ አይሰማም።

ሦስተኛዎቹ በጣም የሚቆጡት ናቸው። «አንተ ሰው፣ አገር እንዲህ ሆኖ ስለ ካርታ ታወራለህ?» ይሉኛል። አዎ፣ አወራለሁ። ልጁ ከመጣ ወዲህ ያየነውን አይተናል። በ2013 ዓ.ም የጀመረውን ጦርነት አይተናል፤ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ በዚሁ በክልላችን ጠመንጃ ዳኛ ሲሆን አይተናል። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ለመናገር አይደለም የተነሣሁት፤ ያንን የሚነግሯችሁ ሞልተዋል። እኔ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ለበግ በሚደረግ ጨዋታ ዳኛን መስማት ያልለመደ ሰው፣ ለመሬትና ለሥልጣን በሚደረገው ላይ እንዴት አድርጎ ይሰማል? ዱላ ማውረድ ልምምድ ይፈልጋል። ልምምዱ ደግሞ የሚጀመረው ብንሸነፍ ብዙ በማንጎዳበት ቦታ ነው። ጨዋታ ማለት ያ ቦታ ነው።

አሁን ቃል የገባሁትን ልንገራችሁ።

ልጁ ከሻንጣው ሳጥኑን ባወጣ ማታ «እዚህስ ካርታ ስትጫወቱ ዳኛው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ብዙ ጊዜ ማንም አይደለም። ከፒያሳ ወረድ ብሎ አንድ ቤት በረንዳ ላይ እሑድ እሑድ ኮንከር እንጫወታለን፤ ጭቅጭቁን የሚያሸንፈው ድምፁ የጎላው ነው። አንድ ጊዜ ግን ዳኛ ነበረን። በ2010 ዓ.ም ለፋሲካ ብር አዋጥተን በግ ገዛንና ውድድር አደረግን። ዳኛው እኔ ነበርኩ። «አንተ ጸሐፊ ነህ፣ አታዳላም» ብለው መረጡኝ።

ለመጨረሻው ጨዋታ የደረሱት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው በሰፈሩ የተከበሩ ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው፤ ሚስቴ ታማ ሳለ ሳልጠይቃቸው ገንዘብ ያበደሩኝ። ሌላው ባጃጅ የሚነዳ ወጣት። ካርታው ታደለ። መሐል ላይ ጋሼ አንድ ማንሣት ሲገባቸው ሁለት አነሡ፤ አንዷን ጭናቸው ሥር አስገቡ። ጆከር ነበረች። እኔ ከጎናቸው ስለቆምኩ አየሁ። ትንሽ ቆይተው «ዘጋሁ!» አሉ። ወጣቱ ካርታውን ቆጠረና ወደኔ ዞሮ «ጋሼ አንድ ካርታ ትርፍ አንሥተዋል። ዳኛ፣ አይተሃል አይደል?» አለኝ።

በረንዳው ሁሉ እኔን አየ። ጋሼም አዩኝ።

«አላየሁም» አልኩ።

ወጣቱ አልተሳደበም፣ አልጮኸም። ካርታውን በሥርዓት ሰብስቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ሄደ። ከዚያ ወዲያ ለጨዋታ አልመጣም። በጉ ታረደ፤ እኔም በላሁ። የጎድኑ ሥጋ ነበር የደረሰኝ።

ይህን ለእህቴ ልጅ ስነግረው ጋሼን ያወግዛል ብዬ ነበር። እሱ ግን ትንሽ አሰበና በዚያ በሚያዝ አማርኛው «አጎቴ፣ እሳቸው ካርታ ነው የሰረቁት፤ አንተ ጨዋታውን ነው የሰረቅኸው» አለኝ። ተቆጣሁ። ይሉኝታ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ውለታ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ፈረንጅ ሆነሃል አልኩት። ሁሉም እውነት ነው፤ ግን መልስ አይደለም። የጋሼን ውለታ ከኪሴ መክፈል ነበረብኝ፤ እኔ የከፈልኩት ከልጁ ኪስ ነው። ስንቱ ባለሥልጣን፣ ስንቱ አለቃ፣ ስንቱ ሽማግሌ ውለታውን የሚመልሰው ከሌላ ሰው ኪስ እንደሆነ እናንተው ቁጠሩት። እኛ «ሙስና» የምንለው ነገር ብዙውን ጊዜ ሚሊዮን ብር የያዘ ሻንጣ ይመስለናል። የእኔ አንድ ጎድን ነበረች።

ልጁ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን መንገድ ላይ ባጃጅ አስቆምኩ፤ ያ ወጣት ሆነ። ልወርድ አፈርኩ፣ ልሄድም አፈርኩ። በመጨረሻ ስደርስ የበጉን ዋጋ ያህል ብር አውጥቼ ሰጠሁት፤ ነገሩንም ነገርኩት። ብሩን አልተቀበለኝም። «በጉን እኔም እረሳዋለሁ፤ ሰው ፊት ነው አላየሁም ያልከኝ፣ ሰው ፊት አየሁ በል» አለና የመንገዱን ሒሳብ ብቻ ተቀብሎ ሄደ።

ዓመታት አለፉ፤ አላልኩም። በረንዳው ላይ ስቀመጥ ሁልጊዜ ምክንያት አገኝ ነበር። ጋሼ አርጅተዋል፣ ቀኑ በዓል ነው፣ አገሩ ሐዘን ላይ ነው። ዳኛ ላለመሆን ምክንያት ጠፍቶ አያውቅም።

እንግዲህ ይግባኙ ዘግይቶ ቢሆንም ዛሬ ታይቷል። ጋሼ ሁለት ካርታ አንሥተዋል፤ አይቻለሁ። ብይኔን ለውጫለሁ። በጉ የልጁ ነበር።